የአባባ ተክለጻድቅ የቁም ተዝካር

ሮተርዳም፣ ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእፀገነት፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽ፣ ባለቤትሽ፣ ፎቶ ቤትሽስ ደህና ናቸው ወይ? እኔ እመብርሃን ትመስገን ደህና ነኝ። የጎደለኝ ነገር ቢኖር የእናንተ ዓይን ብቻ ነው።

ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ረዥም ደብዳቤ ስጽፍ፣ «ምን ሊለምን ነው?» ማለትሽ አይቀርም። አልተሳሳትሽም፤ ልለምንሽ ነው።

እንደምታውቂው በሥራ ቀን ወደቡ አጠገብ መጋዘን ውስጥ እቃ ስጭንና ሳወርድ እውላለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ሰዎችን ሰብስቤ ወደ ገጠር ይዤ እወጣለሁ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። የት እንደሚቆሙ፣ ብርሃኑ ከወዴት እንደሚመጣ፣ የት ሻይ እንደሚጠጡ የማሰናዳው እኔ ነኝ። ሰው በኅብረት ሲወጣ ደስ ይላል። ብቻውን ቢሆን ከአልጋው የማይወርደው ሁሉ፣ ጓደኛው እንዳይቀድመው ሲል ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል።

አሁን እነዚህን ሰዎች መንዝ ላመጣቸው አስቤአለሁ። ስለ ጓሳ ነገርኳቸው። ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ፣ ቀይ ቀበሮው አይጥ ላይ ሲያደባ፣ የጅብራው ግንድ ጉም ውስጥ ቆሞ ሰው ሲመስል አጫወትኳቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አሥር ሰው እንሆናለን። ከደብረ ብርሃን የሚወስደን መኪና፣ መሐል ሜዳ የምናድርበት ቤት፣ በቅሎ የሚያከራይ ሰው ያስፈልገኛል። ይህን ከአንቺ በቀር ማን ያሰናዳልኛል?

አባባ ተክለጻድቅስ እንዴት ናቸው? ዓይናቸው ባሰባቸው ወይስ እንደዚያው ነው? እናቴ ከሞተች ወዲህ የማውቀው አባት እሳቸውን፣ ያሳደጉኝን አጎቴን ነው። ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ነቢዩ


መሐል ሜዳ፣ ግንቦት 29 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነቢዩ፤

የመንዝ ብርድ ያልገደለህን የፈረንጅ ብርድ አይድፈርህ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ደህና ነን። ልጆቹ አድገዋል፤ ባልየው አርጅቷል፤ ፎቶ ቤቱ እንዳለ ነው። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ምረቃ አነሣለሁ። ሰው ሲሞት ደግሞ ከመታወቂያው ላይ አንሥቼ ለለቅሶው አሳድግለታለሁ።

በኅብረት ስለ መውጣት የጻፍከው አሳቀኝ። እኔም ባለፈው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሰብስቤ ለምረቃ ፎቶ ወደ ጓሳ አውጥቼ ነበር። ጉሙ ዱብ አለና የማን ፊት የማን እንደሆነ ሳይለይ፣ ጥቁር ጋዋን ብቻ አንሥቼ ተመለስኩ። ወላጆቻቸው እስከ ዛሬ ይሰድቡኛል። ለማንኛውም መኪናውም በቅሎውም አይቸግርም፤ ለእኔ ተወው።

የአባባን ነገር ልንገርህ አልንገርህ እያልኩ ሰነበትኩ። እሳቸው «አትንገሪው፤ ሥራ ላይ ነው» ብለውኛል። ልትመጣ ካሰብክ ግን ማወቅ አለብህ። አባባ የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ ነው። ለመጪው ጥር፣ ለአስተርእዮ ማርያም፣ ገብሱ ከገባ በኋላ ጾም ሳይገባ ብለው ቀን ቆርጠዋል። ለመምሬ ገብረ አማኑኤል ነግረዋል፤ ለጠላው የሚሆነውን ገብስ ለይተው አስቀምጠዋል፤ ሙክቶቹንም እያደለቡ ነው። «ከሞትኩ በኋላ ማን ያስታውሰኛል? ቄሱም ድሃውም በቁሜ ይብላልኝ፤ ጸሎቱንም በጆሮዬ ልስማው» ነው የሚሉት።

ባለቤታቸው አክስቴ ዘነበች ከሞቱባቸው ወዲህ ሆዳቸው ባዶ ሆኗል። እኔ አለሁልዎ አይደል ወይ ብላቸው፣ «አንቺማ የዘነበች ወገን ነሽ፤ ከእኔ ወገን የቀረ የለም» አሉኝ። አልተቀየምኩም ብልህ ዋሽቼሃለሁ።

ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ቶሎ ጻፍላቸው። ስልኩን አይወዱትም፤ «ነፋስ ነው» ይላሉ። ወረቀት ሲሆን እኔ እዚሁ አትሜ በገበያ ቀን ሲመጡ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል።

እፀገነት


ሮተርዳም፣ ሰኔ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

እህት ዓለም፤

ሰላምና ጤና ከቤትሽ አይጥፋ። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ደነገጥኩ። ስውል ሳድር ግን ደስ እያለኝ መጣ። ቅዳሜ ዕለት ለፎቶ ወጥተን ሻይ ስንጠጣ የቁም ተዝካር ምን እንደሆነ ለሰዎቹ ነገርኳቸው። ማሪኬ የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ አለች፤ «ሰውየው ቆሞ የራሱን መታሰቢያ ያያል?» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሁለት ሲያመነቱ የነበሩ ሰዎች እዚያው ተመዘገቡ።

ስለዚህ ቀኑን ቆርጫለሁ። ጥር አሥራ ሰባት ከደብረ ብርሃን እንነሣለን፤ ጓሳ ላይ እንሰነብትና ለአስተርእዮ አባባ ዘንድ እንውላለን። በጉዞው መርሐ ግብር ላይ አስገብቼዋለሁ። እንግዳ በመጨመሩ ድግሱ እንዳይከብዳቸው እኔ እደግፋለሁ።

ለእሳቸው ይህን አንብቢላቸው፦ «አባባ፣ እኔ ልጅዎ ነቢዩ እመጣለሁ። ጥር ላይ ደጅዎ እቆማለሁ።»

ነቢዩ


መሐል ሜዳ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለነቢዩ፤ የክረምቱን ጭቃ እየረገጥኩ፣ ግን በደስታ ነው የምጽፍልህ።

አባባ በገበያው ቀን መጡና አነበብኩላቸው። «እመጣለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዙኝ። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «እንደገና» አሉ። ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማን ነበር። ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው፣ የመጡበትን ጨው እንኳ ሳይገዙ፣ ቀጥ ብለው መምሬ ገብረ አማኑኤል ዘንድ ሄዱ።

ተዝካሩን ተዉት፣ ነቢዩ። «ልጄ ሊመጣ ነው። ልጅ ያለው ሰው በቁሙ ተዝካር አያወጣም፤ ነውር ነው። ስሞት እሱ ያወጣልኛል» አሏቸው። መምሬም እሰይ ብለው መረቁ። ለጠላው ያስቀመጡትን ገብስ ዘር ላጠረው ጎረቤት አከፋፈሉት። ትንሿን ቤት አንተ እንድታድርባት አዲስ የጓሳ ሣር አስከደኗት። ላገኙት ሁሉ «ልጄ ጥር ላይ ይመጣል» ይላሉ፤ የማያውቃቸው የሚኒባስ ረዳት ሳይቀር ሰምቷል። አክስቴ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም። እኔንም ቅናት ቢጤ ሸንቆጥ አድርጎኝ ነበር፤ ግን ሳቃቸው አሸነፈኝ።

እንግዲህ ለፈረንጆችህ ተዝካር የለም በላቸው። ሙክቱ ግን አለ፤ የልጅ ጓደኛ ሆነው ይበላሉ። ደግሞስ ከፍትፍቱ ፊቱ አይደል የሚባለው?

እፀገነት


ሮተርዳም፣ መስከረም 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእፀገነት፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ። አዲሱ ዓመት የጥጋብ ያድርግላችሁ። የመኪናውን ነገር ስለጨረስሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት መኪና ይበቃናል፤ የካሜራ ማቆሚያዎቹን ጣራ ላይ እናስራለን።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። አባባ ተዝካሩን መተዋቸው ልቤን ነክቶታል፤ አልዋሽሽም። ነገር ግን መርሐ ግብሩ ታትሞ ለሁሉም ደርሷል። «ልጅ የሌላቸው አዛውንት በቁማቸው የራሳቸውን ተዝካር ያወጣሉ» ብዬ ነው የጻፍኩት። የእኔ ዘመድ መሆናቸውን እንኳ አላነሣሁም፤ ነገሩን ያደበዝዘዋል ብዬ ነው። አሁን ተነሥቼ ተዝካርም የለም፣ ልጅም አላቸው፣ ልጁም እኔ ነኝ ብል ምን ይሉኛል? የሚሰርዙ አሉ። አሥር ሰው ካልሞላ ጉዞው ይፈርሳል፤ ጉዞው ከፈረሰ እኔም ለብቻዬ የምመጣበት ፈቃድ ከመጋዘኑ አላገኝም።

እባክሽ አግባቢልኝ። በትንሹም ቢሆን ያውጡት። ልጅ መሆኔን እሳቸውም እኔም እናውቀዋለን፤ ለአንድ ቀን እንደሌለሁ ቢቆጠር ምን ይጎዳል? ድግስ ያው ድግስ ነው፤ ድሃም ይጠግባል። ወጪውን በሙሉ እኔ እችላለሁ።

በናፍቆት፣ ነቢዩ


መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለነቢዩ፤

ይህን ያህል ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ደብዳቤህን አትሜ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አባባ በገበያው ቀን መጡ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ደንበኛ የሚነሣበት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «ከልጄ ወረቀት አልመጣም?» አሉ። አልመጣም አልኳቸው። በሚቀጥለውም ገበያ መጡ፤ አልመጣም አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን «ታሞ ይሆን? ደብቀሽኝ እንዳይሆን» ሲሉኝ አላስቻለኝም። አወጣሁት።

ሰላምታውን አነበብኩ። የመኪናውን አነበብኩ። ያንን ዘለልኩና ስንብቱን አነበብኩ። «ወረቀቱን ስጭኝ» አሉ። በጣታቸው ዳበሱት፤ ገለበጡት። «በጀርባውም ጽሑፍ አለበት ወይ?» አሉ። አዎ አልኩ። «ታዲያ ያነበብሽልኝ እፍኝ አይሞላም። ልጄ የላከልኝን አትቆንጥሪብኝ» አሉኝ። ምን ላድርግ? አነበብኩላቸው። «ልጅ የሌላቸው አዛውንት» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። እሳቸው ግን ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆሙት ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

«እንዲህ ብሎ ጻፈላቸው?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«አንብበውታል?»

«አንብበውታል።»

«እንግዲያማ ልጁ ሐሰተኛ ሊባል ነዋ» አሉ። ዱላቸውን አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «መምሬን ላናግር፤ ጥር ሩቅ አይደለም» ብለውኝ ወጡ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላል ሰው። አንተን ግን አፍህ አላመለጠህም፤ ቁጭ ብለህ፣ አስበህ ጻፍከው። ሐምሌ ላይ የጻፍኩልህን አላነበብከውም? ልጅ ያለው ሰው አያወጣም ብዬህ ነበር። ያሳደጉህን ሰው፣ ካህን አስጠርተው፣ አገር ሰብስበው፣ ልጅ የለኝም ብለው እንዲመሰክሩ ለመንካቸው። እሳቸው ደግሞ አንተ ለምነህ እምቢ ብለውህ አያውቁም።

ከዚህ በላይ ብጽፍ የማልፈልገውን እናገራለሁ።

እፀገነት


ሮተርዳም፣ ኅዳር 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

እህቴ፤

ሰላምታ ለማብዛት ፊት የለኝም። የሐምሌውን ደብዳቤሽን አነበብኩት እንጂ አልሰማሁትም ነበር፤ አሁን ሰማሁት። መጋዘኑ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

እባክሽ የገበያ ቀን አትጠብቂ። ዛሬውኑ ሂጂ፤ እግራቸው ላይ ውደቂልኝ። ተዝካሩ ይቅር። ለሰዎቹ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ የሚቀረውም ይቅር። አባቴ ናቸው እላለሁ። ጉዞው ቢፈርስ ይፍረስ፤ ሥራዬን ለቅቄም ቢሆን ብቻዬን እመጣለሁ።

ነቢዩ


መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለነቢዩ፤

እግዚአብሔር ያረጋጋህ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ቢሆንም ያልከኝን አድርጌአለሁ። ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት በእግሬ ወጣሁ፤ አባባ አውድማ ላይ ነበሩ። ገብሱን በእጃቸው እየዘገኑ ነፋሱ እንዲወስደው ያፈስሱታል፤ ዓይናቸው ባያይም እብቁንና ፍሬውን እጃቸው ይለያል። አነበብኩላቸው። ስለ አንተም አለቀስኩ፤ ተቆጥቼህ ነበር ግን አለቀስኩ።

«ልጁ አይጨነቅ» አሉ። «አልተቀየምኩም በይው። ለካህናቱ አንድ ጊዜ ነገርኩ፤ ተውኩት አልኩ፤ እንደገና ነገርኩ። አሁን መልሼ ተውኩት ብል ቤተ ክርስቲያን የልጅ መጫወቻ አይደለችም። እንግዶቹን ይዞ ይምጣ። የጻፈውንም እንዳያጥፍ፤ ሰው አገር የሚኖር ሰው ቃሉ ከጠፋ ምን ይቀርለታል?»

ነቢዩ፣ ቢቆጡ በወደድኩ። ቁጣ ይበርዳል። እሳቸው ግን እንግዶቹ የት እንደሚቀመጡ፣ ፈረንጅ በርበሬ ይችል እንደሆነ ነው የሚጠይቁኝ። ዘር የሰጧቸው ጎረቤቶች አዲሱን ገብስ ተሸክመው መጥተዋል። ዳሱ ይጣላል። ትንሿ ቤት ለአንተ የተከደነች ነበረች፤ አሁን «ሴቶቹ እንግዶች ይደሩባት» ብለዋል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቶ ቤት ሲመጡ ወረቀት መጣ ወይ ብለው አይጠይቁም።

መኪኖቹ ጥር አሥራ ሰባት ይጠብቁሃል። በሰላም ያምጣህ።

እፀገነት


ሮተርዳም፣ የካቲት 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእፀገነት፤

በደህና ገባሁ። ስላደረግሽልኝ ሁሉ እመብርሃን ዋጋሽን ትክፈልሽ። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ተመለሱ፤ ጓሳ ላይ ቀበሮዋን ከእነ ግልገሏ አግኝተናል። ያነሡትን በአንድ አዳራሽ ልናሳይ ነው።

መሐል ሜዳ መኪናው ጋ ስንሰነባበት «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» ብለሽኝ ነበር። «ብርዱ ነው» አልኩሽ። ብርዱ አልነበረም።

የተዝካሩን ቀን አንቺም ስታስተናግጂ ውለሻል። አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ዳሱ በር ላይ ቆመው ነበር። የበላ ሁሉ ሲወጣ «ነፍስ ይማር» ይላቸዋል፤ እሳቸው «አሜን» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሥራዬን እሠራ ነበር። እዚህ ቁሙ፣ ካህናቱን አትቅደሙ፣ ፀሐዩን ወደ ጀርባችሁ አድርጉ እያልኩ ሰው አስተላልፍ ነበር። ልናገር ቆርጬ መጥቼ አልተናገርኩም። አባባ ራሳቸው አትናገር ብለዋል እያልኩ ራሴን አታለልኩት።

ማታ እግራቸውን አጠብኩ። መረቁኝ። ማን እንደሆንኩ ጠፍቷቸው አይደለም፤ የእጄን ጠባሳ ዳብሰው «ይቺ ጥጃዋ የረገጠችህ ናት» ብለው ሳቁ። ይቅር በሉኝ ስላቸው «ምን አድርገኸኝ?» አሉ።

በማግስቱ አንቺ ፎቶ ቤቱን ልትከፍቺ ወርደሻል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ማሪኬ ፎቶ ላንሣቸው አለችና ደጃፉ ላይ አስቀመጥናቸው። ሁሉም ካሜራቸውን ይዘው ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ። እኔ መሐል ሆኜ አስተረጉማለሁ። ሴትዮዋ የሰው ፊት ስታነሣ መጀመሪያ ማጫወት ትወዳለች። «በእርግጥ ልጅ የላቸውም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ወይም በዚያች ሰዓት «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። ጠየቅኳቸው።

አባባ ድምፄ ወደሚመጣበት ዞሩ። «ልጅ የለኝም በላት» አሉ። «አንድ የእህቴን ልጅ አሳድጌ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው። ትልቅ ሰው ሆኖ ሩቅ አገር ይኖራል። እግዜር በሄደበት ያኑረው።»

ቃል ሳልጥል ነገርኳት።

ማሪኬ ፊቷ በራ። «ታዲያ መጥቶ ይጠይቃቸዋል?» አለች። እሱንም ነገርኳቸው፣ እፀገነት። በአማርኛ፣ በገዛ አፌ፣ ልጁ መጥቶ ይጠይቅዎታል ወይ ትላለች አልኳቸው።

«ሥራ ይበዛበታል በላት» አሉኝ።

ሥራ ይበዛበታል አልኳት። ራሷን በሐዘን ነቀነቀችና ካሜራዋን ወደ ዓይኗ አነሣች። ፀሐዩ ሳይከር ትንሽ ቀና ይበሉ በላቸው አለችኝ። ቀና ይበሉ አልኳቸው።

ነቢዩ